በጥርጣሬ የመያዝ ሥልጣንና የጊዜ ወሰኑ

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 59፣ ለፖሊስ ምርመራ የሚፈቀደው ቀጠሮ በእያንዳንዱ ጊዜ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 የ48 ሰዓቱን ግዴታ ጠብቆ ከዚያ በኋላ ያለውን ለወጠ።

አዋጁ በአንቀጽ 19፣ ፖሊስ የሽብር ድርጊት ፈጽሟል ወይም እየፈጸመ ነው ብሎ በአግባቡ የጠረጠረውን ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲይዝ ፈቀደ። በአንቀጽ 20 ደግሞ እያንዳንዱ ቀጠሮ ከ28 ቀን እንዳያንስ፣ ድምሩም ከ4 ወር እንዳያልፍ ወሰነ። ነባሩ ሕግ ለዳኛው ጣሪያ ሲያበጅለት፣ አዲሱ ወለል አነጠፈለት። 7 ቀን ይበቃል ብሎ ያመነ ዳኛ ቀጠሮ ከፈቀደ 7 ቀን ብቻ መስጠት አልቻለም። ክስ ከተመሠረተም ተከሳሹ ውሳኔ እስኪሰጥ በእስር እንዲቆይ ተደነገገ።

ይህ ሥልጣን ምን እንደሚያስከትል ሙስሊሙ ኅብረተሰብ በቅርብ አይቷል። የአወሊያ ጥያቄ ከተነሣ በኋላ ሕዝቡ የመረጣቸው የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት በሐምሌ 2004 ዓ.ም. ተያዙ፤ በጥቅምት 2005 ዓ.ም. በዚሁ አዋጅ ተከሰሱ። በ2007 ዓ.ም. በ18 ተከሳሾች ላይ ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደ። ከመያዝ እስከ ቅጣት ውሳኔ 3 ዓመት ገደማ አልፏል።

ጉዳዩ በፊቅህ ሊቃውንት ዘንድም የቆየ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድን ሰው በጥርጣሬ አቆይተው ኋላ እንደለቀቁት በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ ተዘግቧል። ቃዲ አቡ ዩሱፍ (ሞት 182 ዓ.ሂ.) ለኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ በጻፉት ኪታቡል ኸራጅ፣ ሰው በሌላው ውንጀላ ብቻ እንዳይታሰር፣ የእስረኞችም ጉዳይ ሳይቋረጥ እንዲመረመር መክረዋል። አል-ማወርዲ (ሞት 450 ዓ.ሂ.) በአል-አሕካም አስ-ሱልጣኒያ እንደሚያወሱት፣ የሻፊዒያው ዐሊም አዝ-ዙበይሪ የማጣሪያ እስሩን ከ1 ወር እንዳያልፍ ገድበውታል፤ ሌሎች ግን ለመሪው ኢጅቲሃድ ትተውታል። ማወርዲ ራሳቸው ወደ ኋለኛው አዘንብለዋል።

ስለዚህ ሸሪዓ በጥርጣሬ መያዝን ጨርሶ ይከለክላል ብሎ ማስተማር ኪላፉን መደበቅ ይሆናል። የማወርዲን ቃል ለገደብ የለሽ እስር ማስረጃ ማድረግም እንዲሁ ስሕተት ነው፤ እርሳቸው የሚናገሩት ነገሩ እስኪጣራ ስለሚደረግ ቆይታ ነውና። የማጣራቱ ሥራ ሲያበቃ የመያዙም ምክንያት ያበቃል።

አዋጅ 652 በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል። መምህሩም ኢማሙም ስለዚህም ሆነ ስለሚመጣው ሕግ ሲጠየቁ፣ አስቀድመው ሦስት ነገር ቢመረምሩ መልካም ነው፦ የሚይዘው ማን ነው? የሚያቆየው እስከ መቼ ነው? ልቀቅ ሊለው የሚችለውስ ማን ነው?