አዲስ ዓለም፦ መናገሻ ሳትሆን የቀረችው ከተማ

በአምቦ መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አዲስ ዓለም በታሪክ መጻሕፍት ስትነሣ መሥራችዋ ዳግማዊ ምኒልክ መሆናቸው ይነገርና ነገሩ በዚያው ይዘጋል። እኛ ግን ጥያቄው ከዚያ እንደሚጀምር እናምናለን። አገሩ ከዚያ በፊት እጀሬ ይባል ነበር፤ የሚያርሰውም የኦሮሞ ገበሬ ነበር።

ከተማ የሚለው ቃል በጥንት ትርጉሙ የንጉሥና የጦር ሰፈር ነው። ሰፈሩ ደኑን ማገዶ አድርጎ፣ የገባሩን እህል በልቶ ሲጨርስ ይነሣል። አንኮበርም እንጦጦም በየተራቸው ተለቀዋል። አዲስ አበባም ገና ብዙ ሳትቆይ ዙሪያዋ ተራቁቶ እንጨት ከሩቅ ይመጣላት ጀመር። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ በ1893 ዓ.ም. ገደማ መናገሻውን ወደ እጀሬ ለማዛወር ቆርጠው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ፤ ስሙንም አዲስ ዓለም አሉት። ድንጋዩን የተሸከመው ማን እንደ ሆነ መዝጋቢ አልነበረውም!

ዕቅዱን ያስቀረው ግን የገባሩ ድካም አልነበረም። በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ በፍጥነት አድጎ የአዲስ አበባን ማገዶ ቻለ። የውጭ መንግሥታት መልእክተኞችም የሠሩትን ቤት ትተው መሄድ አልፈለጉም። የተጀመረው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ይኸውም ዛሬ ደብረ ጽዮን ማርያም የምንለው ነው።

መኳንንቱ ሳይመጡ ቢቀሩም ገባርነቱ አልቀረም። ጭሰኛው ምርቱን ከባለመሬት ጋር መካፈሉ በሕግ የቆመው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

የከተማዪቱ ታላቅ በዓል ኅዳር 21 ቀን የሚውለው የጽዮን ማርያም ንግሥ ነው። ወሩ ጤፍ የሚታጨድበት ነውና፣ ታቦቱን አጅቦ የዋለው ገበሬ በማግሥቱ ማጭዱን አንሥቶ ወደ ደቦ ይወርዳል፤ ከዚያም አውድማ ለቅልቆ በሬዎቹን ያበራያል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ተሳላሚ ግን የሚያየው የምኒልክን ዕቃ በቤተ መዘክሩ ነው። አውድማውን የሚጠይቅ አይገኝም፤ ከእኛም መካከል በተማሪነታችን ዘመን የጠየቀ አናስታውስም።

አዲስ ዓለምን መናገሻነት የነሣት ያው ባሕር ዛፍ ዛሬ በገበሬው ድንበር ላይ ቆሟል። ውኃውን ስለሚመጥበት ጎረቤቱ ያለ ማሳ ይጎዳል፤ ሆኖም አጣናው ለዋና ከተማዪቱ ይሸጣልና ገበሬው አይነቅለውም።