ዜና አብያተ መንግሥት ዘጎንደር

በእግዚአብሔር ረዳትነት የጎንደርን አብያተ መንግሥት ማን እንዳሠራቸው፣ ምንስ እንዳገኛቸው በአጭሩ እንጽፋለን።

ስመ መንግሥቱ ሥልጣን ሰገድ የተባለው ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት ስለ ተቀበለ አገሩ ታወከ፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ። በ1624 ዓ.ም. ለሕዝቡ የአባቶቹን ሃይማኖት መልሶ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ አስረከበ። ፋሲለደስም ዓለም ሰገድ ተብሎ ነገሠ፤ የሮማን ሃይማኖት ያስተማሩትን ኢየሱሳውያን ከአገር አስወጣ፤ በ1628 ዓ.ም. መናገሻውን በጎንደር አደረገ። ከእርሱ በፊት ነገሥታቱ ብዙ ዘመን በድንኳን ሲዞሩ ኖረዋል። ሠርጸ ድንግል በጉዛራ፣ ሱስንዮስም በጎርጎራ ግንብ ቢያሠሩ ከተማው አልጸናላቸውም። አዛውንት መናገሻው ስሙ በ«ጎ» እንዲጀምር ትንቢት ተነግሮ ነበር፣ ንጉሡም ጎሽ ተከትሎ ከዚህ ደረሰ ይላሉ። እኔ ግን ከጎሹ ይልቅ ስፍራውን አምናለሁ፤ ቀሃና አንገረብ ግራና ቀኝ ይፈሳሉ፣ ጣናም ሩቅ አይደለም።

ፋሲልም በጥቁር ድንጋይና በኖራ ግንቡን አቆመ፤ በአራቱ ማዕዘን ጉልላት ያላቸው ክብ ማማዎች አሉት፣ ከፍታውም 32 ሜትር ያህል ነው። ወደ ግቢው የገባ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ዓይኑ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው። የቅጥሩ ዙሪያ 900 ሜትር፣ በሩም 12 ነው፤ ወንበር በር በዳኞች፣ እምቢልታ በር በነፊዎች፣ ባልደራስ በር በፈረስ አዛዡ፣ ተዝካሮ በር በተዝካር ተሰየሙ። ፋሲል በጥቅምት 1660 ዓ.ም. በአዘዞ ዐረፈ፤ በጣና ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስም ተቀበረ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ይደንቃል፤ የአባት ግንብ ለልጅ አልበቃም። ልጁ ዮሐንስ፣ አእላፍ ሰገድ፣ እጁን ወደ ጽሕፈት አዘንብሎ ቤተ መጻሕፍትና ጽሕፈት ቤት አሠራ። የልጅ ልጁ አድያም ሰገድ ኢያሱ ግን ከሁሉ በላይ ሄደ። ኮርቻ የሚመስል ጣሪያ ያለው ግንብ አሠራ፤ ውስጡም በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅ ቅብና ከባሕር ማዶ በመጣ መስታወት አጌጠ ተብሎ ይተረካል። በ1691 ዓ.ም. ፖንሴ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ንጉሡን ሊያክም መጥቶ የቤተ መንግሥቱን ክብር አይቶ ጻፈ። ምድር ግን ለጌጥ አታዳላም፤ ኢያሱ ገና በሕይወት ሳለ የምድር መናወጥ ግንቡን አናጋው። ንጉሡም በልጁ በተክለ ሃይማኖት ዘመን ተገደለ፤ ያ ልጅም ከአባቱ ሞት በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላ እርሱው ተወግቶ ሞተ።

በኋላ የነገሠው አድባር ሰገድ ዳዊት የዘፈን ቤት አሠራ፤ በ1713 ዓ.ም. በመርዝ ሞተ። በካፋም የግብር አዳራሹን ሠራ፤ ታላቅ ግብር ከሚበላበት አዳራሽ ጎን ለፈረሶቹም ጋጣ መሥራትን አልረሳም። እቴጌ ምንትዋብ፣ ብርሃን ሞገሳ፣ ግንቧን በቀይ ድንጋይ በተቀረጸ መስቀል አስጌጠች፤ በዚያ ግቢ ውስጥ ለዓይን ደስ የሚያሰኘው የእርሷ ነው ብል ወንዶቹ ነገሥታት አይቆጡኝ። ከዚያ ወዲያ መሳፍንቱ በረቱ፤ ንጉሥ በግንቡ እየተቀመጠ ሥልጣኑ በሌላ እጅ ሆነ።

ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከተማውን ዘረፈ፣ አብያተ ክርስቲያናቱንም አቃጠለ። በ1880 ዓ.ም. የሱዳን ደርቡሾች መጥተው የቀረውን አቃጠሉ፤ ከእነርሱ እሳት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች፣ ንብ አዳናት ይባላል። ጣሊያን በያዘው ዘመን ሠራዊቱን ከነገሥታቱ ግንብ አስቀመጠ፤ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ እስኪማረክ ድረስ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ጣሉበት፤ በዚያም የምድር መናወጥ ያናጋው የኢያሱ ግንብ ዳግመኛ ተመታ።

በ1972 ዓ.ም. ዩኔስኮ ግቢውን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ጣሊያኖች በዘመናቸው ግንቦቹን ሲጠግኑ ሲሚንቶና ብረት ጨምረውባቸው ነበር፤ በኋላ የመጡት ጠጋኞችም ሲሚንቶውን እያነሡ በፋሲል ዘመን እንደ ነበረው ኖራውን መልሰው ለሰኑት።