በአሜሪካ የአካባቢ የሠራተኛ ማኅበር ምርጫ መወዳደር

እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው የላንድረም-ግሪፊን ሕግ በአሜሪካ ያሉ የአካባቢ የሠራተኛ ማኅበራት መሪዎቻቸውን ቢያንስ በየ3 ዓመቱ በምስጢር ድምፅ እንዲመርጡ ያስገድዳል። የምርጫው ማስታወቂያ ቢያንስ ከ15 ቀን በፊት ለእያንዳንዱ አባል በቤቱ አድራሻ በፖስታ ይላካል። የማኅበሩም ሆነ የአሠሪው ገንዘብ ለማንኛውም ዕጩ ቅስቀሳ መዋል የለበትም። ዕጩው የቅስቀሳ ጽሑፉን ማኅበሩ ለአባላት እንዲያደርስለት መጠየቅ ይችላል፤ ወጪውን ግን ራሱ ይሸፍናል። ድምፅ ሲሰጥና ሲቆጠርም ታዛቢ ያቆማል።

ለአዲስ ተወዳዳሪ ከሁሉ የከፋው ጋሬጣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከራሱ ከማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ነው። የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር 3489ኛ ቅርንጫፍ በ1970 ባካሄደው ምርጫ፣ ካለፉት 3 ዓመታት መደበኛ ስብሰባዎች ቢያንስ በግማሹ ያልተገኘ አባል መወዳደር አይችልም ነበር። ወደ 660 ከሚጠጉት አባላት 96.5 በመቶው በዚህ ደንብ ከውድድር ውጭ ሆኑ። መስፈርቱን ካሟሉት 23 ሰዎች 9ኙ ያን ጊዜ በሥልጣን ላይ የነበሩ ናቸው! ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1977 ደንቡን ሕገወጥ ብሎታል፤ ትክክለኛ ፍርድም ነበር። ስብሰባ የማያዘወትር አባል መሪዎቹን ለመገዳደር ቢያስብ፣ ገና ተቃውሞ ሳይነሣ እስከ 18 ወር ቀደም ብሎ መሰናዳት ነበረበት።

በምርጫው ቅር የተሰኘ አባል አቤቱታውን አስቀድሞ ለማኅበሩ ያቀርባል። የመጨረሻ ውሳኔ ካገኘ ወይም ያለ ውሳኔ 3 ወር ካለፈው በኋላ፣ በ1 ወር ውስጥ ለፌዴራሉ የሠራተኛ ሚኒስቴር ማመልከት ይችላል።