የጭበጣ ገንቦ

«ኒጊሪ ጋሜ» የካራቴ ሰዎች ቃል ነው፤ የተወለደውም ከጃፓን ዋና ደሴቶች በስተደቡብ በምትገኘው በኦኪናዋ ነው። «ኒጊሪ» መጨበጥ ነው፤ «ጋሜ» ገንቦ። በአማርኛ «የጭበጣ ገንቦ» ብንለው ምንነቱም ሥራውም አብሮ ይገባናል። ጋን ያላልኩት ጋን ለአንድ እጅ ስለማይሆን ነው፤ ድስት ያላልኩትም ድስት አንገት ስለሌለው። ይህ ዕቃ አንገቱ ጠበብ፣ ከንፈሩ ወፈር ያለ ነው።

የጭበጣ ገንቦ ሁልጊዜ ጥንድ ነው፤ ለየእጁ አንድ። ጆሮ የለውም፣ ማንጠልጠያ የለውም። ልምምዱን የሚሠራው ሰው መዳፉን ከገንቦው አፍ በላይ ዘርግቶ አምስቱንም ጣቶቹን በከንፈሩ ዙሪያ ያሳርፍና ከላይ ጨብጦ ያነሳዋል። ከዚያ ሁለቱን ገንቦዎች እንደያዘ ቀስ ብሎ ይራመዳል። እግሩን ከመሬት ሳያነሳ እየሳበ፣ ግማሽ ክብ እየሠራ ወደፊት ይወጣል፤ ጉልበቱ በመጠኑ ይታጠፋል፣ ወገቡ ይቀናል፣ ትከሻው ወደ ታች ይወርዳል። አቋቋሙ «ሳንቺን» ይባላል። ገንቦው መጀመሪያ ባዶውን ነው የሚነሳው። እጅ ሲጠነክር አሸዋ ይጨመርበታል፤ በጭልፋ ከጨመሩ ጭማሪው በጭልፋ ነው። ጂም ውስጥ ያለው ዳምቤል ግን ከ5 ኪሎ ወደ ሰባት ተኩል ሲዘል በመካከል ምንም የለም። ይህ ትንሽ የሚመስል ልዩነት ለጣት ብዙ ነው።

እጁን ቀረብ ብለን እንየው። ዳምቤል ስንይዝ ብረቱ መዳፋችን ላይ ይተኛል፤ አራቱ ጣቶች ከሥር ይጠመዘዙበታል፣ አውራ ጣት ከላይ ይቆልፋቸዋል። ጣቶቹ ቢደክሙም ታጥፈው እስከቆዩ ድረስ ክብደቱ ተንጠልጥሎ ይቆያል። በገንቦው ግን መዳፍ ባዶ ነው። ከሥር የሚደግፍ የለም፤ ያለው የጣቶች ጫፍና የሸክላው ጠርዝ ብቻ ነው። አራቱ ጣቶች በአንድ ወገን፣ አውራ ጣት በሌላ ወገን ሆነው ወደ መሐል ካልጫኑ ገንቦው ይንሸራተታል። እጅ ካላበው ደግሞ ቶሎ ይንሸራተታል። ብዙ ሰው ዳምቤልና ባርቤል ሲያነሳ ከርሞ እዚህ ላይ የሚሸነፈው አውራ ጣቱ ተቃራኒ ሆኖ መጫንን ስላልለመደ ነው። እንግሊዛዊው የአካል ሊቅ ጆን ኔፒየር በ1956 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ የእጅን አያያዝ በሁለት ከፍሎት ነበር፤ አንዱ ዕቃውን ከመዳፍ ጋር አጣብቆ በኃይል መያዝ፣ ሌላው በጣቶችና በአውራ ጣት መካከል አድርጎ በጥንቃቄ መያዝ። የጭበጣ ገንቦ የጥንቃቄውን አያያዝ ይወስድና ከባድ ሥራ ያሠራዋል። ትልቅ መሣሪያ ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጣትን የሚያጥፉት ትልልቅ ጡንቻዎች ያሉት ጣት ውስጥ አይደለም። ግራ እጅዎን ከቀኝ ክርንዎ ዝቅ አድርገው ክንድዎ ላይ ያሳርፉና የቀኝ ጣቶችዎን ጨበጥ ዘርጋ ያድርጉ፤ ሥራው ከየት እንደሚነሳ ይሰማዎታል። ከዚያ የሚነሱት ጅማቶች የእጅ አንጓን አቋርጠው ነው ጣት የሚደርሱት። ስለዚህ የአንጓው አቀማመጥ የጭበጣውን ኃይል ይወስነዋል። አንጓዎን ወደ ውስጥ እስከ መጨረሻው አጥፈው ለመጨበጥ ቢሞክሩ ኃይል ያጣሉ፤ ወደ ኋላ ከ20 እስከ 35 ዲግሪ ግድም ቀና ሲያደርጉት ደግሞ ያገኙታል። ገንቦውን አንስተው ክንድዎን ወደ ጎን ከፍ ሲያደርጉ ክብደቱ አንጓውን ወደ ታች ሊያጥፍ ይስባል፤ ይህን የሚቋቋሙት በክንድ ላይኛው ገጽ ያሉት ጡንቻዎች ናቸው። በአንድ ዕቃ ጣትም አንጓም አብረው ይሠራሉ።

የጭበጣ ገንቦ ብቻውን የቆመ ስፖርት አይደለም። «ሆጆ ኡንዶ» በሚባል የልምምድ ቤተሰብ ውስጥ ነው ያለው፤ በአማርኛ «ደጋፊ ልምምድ» ቢባል ይበቃዋል። ዋናው ካራቴው ነው፤ ይህ እርሱን ይደግፋል። በኦኪናዋ ካለችው ከናሃ ከተማ የተነሳው ቾጁን ሚያጊ፣ ከ1888 እስከ 1953 እ.ኤ.አ. የኖረው የጎጁ ሪዩ ስልት መሥራች፣ ለነዚህ ልምምዶች ትልቅ ቦታ ይሰጥ ነበር። የርሱ መምህር ካንሪዮ ሂጋኦና ደግሞ የቻይናን ስልት ፉጂያን ክፍለ ሀገር ሄዶ የተማረ ሰው ነው። በዚሁ ቤተሰብ ውስጥ «ቺ ኢሺ» የሚባል ባለ እጀታ ድንጋይ አለ፤ ክብደቱ ከእንጨቱ በአንድ ጫፍ ብቻ ስለሆነ ሲያዞሩት አንጓን ክፉኛ ይፈትናል። ዛሬ አብዛኛው ከስሚንቶ ነው የሚሠራው። በየሰፈራችን በቆርቆሮ ጣሳ ስሚንቶ ሞልተው፣ ቧንቧ ሰክተው ክብደት የሚሠሩ ወጣቶች ይህን ዕቃ ቢያዩት አሠራሩ አይጠፋቸውም። ጣሳውን ከሁለቱም ጫፍ በማድረግ ፈንታ ባንዱ ብቻ ቢያደርጉት ቺ ኢሺ አገኙ ማለት ነው።

የጭበጣ ኃይል የስፖርተኛ ጉዳይ ብቻ ይመስለን ይሆናል። በ2015 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በ17 አገሮች ወደ 140 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን የጭበጣ ኃይል ለክቶ ለዓመታት ተከታትሎ ነበር። ጭበጣው በ5 ኪሎ ዝቅ ባለ ቁጥር በማንኛውም ምክንያት የመሞት ዕድል በ16 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ይህ ግን ገንቦ የጨበጠ ሁሉ ዕድሜው ይረዝማል ማለት አይደለም። ጭበጣ የመላ ሰውነትን ጥንካሬ ስለሚያሳይ ሐኪም እንደ ምልክት ያየዋል። አረጋውያንን ለሚንከባከብ ሰው ግን ምልክቱ ራሱ ዋጋ አለው፤ የጠርሙስ ክዳን መክፈት ያቃታቸው እናት፣ የውሃ ጀሪካን ከእጃቸው የሚያመልጣቸው አባት ስለ ጡንቻቸው አንድ ነገር እየነገሩን ነው።

መጀመር ለሚፈልግ ሰው የምመክረው መታገስን ነው። ጅማት ከጡንቻ ዘግይቶ ነው የሚጠነክረው፤ ጡንቻው «ጨምር» ሲል ጅማቱ ገና አልደረሰም። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይበቃል። ክንድ ሲግል፣ ጣት ሲንቀጠቀጥ ድካም ነው፤ በክርን ውጪኛ ወገን ላይ የሚወጋ ሕመም ከተሰማ ግን ማቆም ነው። በአንጓ መዳፍ በኩል ባለው ጠባብ መተላለፊያ 9 ጅማቶችና አንድ ነርቭ ተጨናንቀው ያልፋሉ፤ ስለዚህ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ሌሊት የሚደነዝዛቸው ሰዎች ሐኪም ሳያማክሩ ባይነኩት ይሻላል። ሲጨብጡ ትንፋሽ መያዝም የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ እየተነፈሱ ይራመዱ። ትከሻ ወደ ጆሮ መውጣት ከጀመረ ጣቶች ደክመው ሌላ አካል እየተሸከመላቸው ነውና ገንቦውን ማስቀመጥ ነው።

ከኦኪናዋ ማስመጣት አያስፈልግም። ሸክላ ሠሪ ጋ ሄዶ አንገቱ ጠበብ፣ ከንፈሩ ወፈር ያለ ጥንድ ገንቦ ማሠራት ይቻላል፤ አፉ ላይ እጅ ሲያሳርፉ ጣቶች ሳይንጠራሩ ዙሪያውን መያዝ አለባቸው። ሸክላው እስኪሠራ ሰፋ ያለ አፍና ጠንካራ ከንፈር ያለው የፕላስቲክ ዕቃ አሸዋ ጨምሮ መጠቀም ይቻላል፤ ቢወድቅም አይሰበርም፣ እግር ላይ እንዳያርፍ ብቻ ጫማ አድርጎ መሥራት ነው።