የበርክሌይ መምህራን ክርክርና የዩኒቨርሲቲ አመራር ጥያቄ

ዩኒቨርሲቲ የዕውቀት መገብያ ብቻ ሳይሆን የኅብረተሰቡ ቅራኔዎች ቀድመው የሚንጸባረቁበት መድረክም ነው። ተማሪው ጥያቄ ሲያነሣና አስተዳደሩ በቅጣት ሲመልስ፣ በሁለቱ መካከል የሚገኘው መምህር የሚወስደው አቋም ለተቋሙ የወደፊት አካሄድ ታላቅ ክብደት አለው። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1967 የታየው ሁኔታ ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው።

የበርክሌይ መምህራን በአስተዳደር ጉዳይ ድምፅ ያገኙት በትግል ነው። ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን አይድ ዊለር ለ20 ዓመታት ያህል ዩኒቨርሲቲውን በራሳቸው ቃል ሲያስተዳድሩ ቆይተው በ1919 ሲለቁ፣ መምህራኑ ተነሥተው በ1920 ለሸንጎአቸው በሥርዓተ ትምህርትና በመምህራን ሹመት ረገድ የታወቀ ሥልጣን አስገኙ። ይሁን እንጂ የመጨረሻው ቃል ከበላይ ቦርዱ እጅ አልወጣም። ከቦርዱ አባላት አብዛኞቹ በአገረ ገዥው የተሾሙ የባንክ፣ የኢንዱስትሪና የሕግ ሰዎች ነበሩ። ፀረ ኮሙኒስቱ ዘመቻ በተፋፋመበት ወቅት ቦርዱ መምህራንን የታማኝነት ቃለ መሐላ እንዲፈርሙ አስገደደ፤ በ1950ም እምቢ ያሉ 31 መምህራንን አባረረ። በ1952 የካሊፎርኒያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ቢፈርድላቸውም፣ የፍርሃቱ ጠባሳ በቀላሉ አልሻረም።

የ1964ቱ ውዝግብ መነሻ ከዩኒቨርሲቲው ደቡባዊ በር ፊት ለፊት ያለች 8 ሜትር ያህል ስፋት ያላት የእግረኛ መንገድ ነበረች። ቦታዋ የከተማው ይዞታ እንደሆነች ሲታሰብ ስለኖረ፣ ተማሪዎች ጠረጴዛ ዘርግተው ጽሑፍ ያድሉባትና ገንዘብ ያሰባስቡባት ነበር። በዚያው ዓመት በጋ አንዳንዶቹ የጥቁር ሕዝቦችን የመምረጥ መብት ለማስከበር ወደ ሚሲሲፒ ዘምተው ተመልሰዋል። ሴፕቴምበር 14 ቀን አስተዳደሩ የፖለቲካ ቅስቀሳና የገንዘብ ማሰባሰብ ሥራ በቦታው እንዳይካሄድ ከለከለ። ትእዛዙን አንቀበልም ካሉት መካከል ስምንት ተማሪዎች ከትምህርት ታገዱ። በማግሥቱ፣ ኦክቶበር 1 ቀን፣ ፖሊስ ጃክ ዋይንበርግ የተባለውን ወጣት ይዞ መኪና ላይ ሲያወጣው፣ ተማሪዎች መኪናዋን ከብበው ለ32 ሰዓታት አላንቀሳቅስ አሉ። ጫማቸውን እያወለቁ በመኪናዋ ጣሪያ ላይ እየወጡ ንግግር አደረጉ። ከእነርሱም ከሚሲሲፒ የተመለሰው የፍልስፍና ተማሪ ማሪዮ ሳቪዮ ጎልቶ ታየ።

የመላው ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ክላርክ ኬር በቃለ መሐላው ዘመን የመምህራኑን መባረር የተቃወሙ የታወቁ ምሁር ነበሩ። የበርክሌይ ቻንስለር ኤድዋርድ ስትሮንግም የፍልስፍና መምህር ነበሩ። ይህም ችግሩ ከግለሰቦች ጠባይ የመነጨ ብቻ እንዳልነበረ ያስረዳል። ከላይ ቦርዱ፣ ከታች ተማሪው የሚጫኑት አመራር ሁለቱንም ለማስደሰት ሲጥር ከሁለቱም አመኔታ ያጣል። የመምህራን ሸንጎ ያቋቋመውና የሕግ ፕሮፌሰሩ አይራ ማይክል ሄይማን የመሩት ኮሚቴ፣ በኖቬምበር የአስተዳደሩን የቅጣት አካሄድ ነቅፎ የስድስቱ ተማሪዎች እገዳ ከመዝገብ እንዲፋቅ ሐሳብ አቀረበ። ነገሩ በረደ ሲባል ግን፣ በወሩ መጨረሻ በሳቪዮና በሦስት ጓዶቹ ላይ አዲስ ክስ ተመሠረተ።

ዲሴምበር 2 ቀን ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ተማሪዎች ስፕራውል የተባለውን የአስተዳደር ሕንፃ ገብተው ያዙ። በአገረ ገዥው በኤድመንድ ብራውን ትእዛዝ ፖሊስ ሌሊቱን ገብቶ ወደ 800 የሚጠጉትን አሰረ። እስከዚያች ሌሊት ድረስ ብዙው መምህር ዳር ቆሞ ተመልካች ነበር፤ ደቀ መዛሙርቱ ከደረጃ ደረጃ ሲጎተቱ ሲያይ ግን ዝምታው ተሰበረ። ከመምህራኑ ብዙዎች ለዋስትና ገንዘብ አዋጡ። ዲሴምበር 7 ቀን ፕሬዚዳንት ኬር የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ያዘጋጁትን የዕርቅ ሐሳብ በሺህ ለሚቆጠር ሕዝብ አቀረቡ። ስብሰባው ሲያበቃ ሳቪዮ ወደ ድምፅ ማጉያው ቢጠጋ ፖሊሶች ጎትተው አወረዱት። ዕርቁም በዚያው ፈረሰ።

በማግሥቱ የመምህራን ሸንጎ ተሰበሰበ። የስብሰባው አዳራሽ የዚያኑ የቀድሞ ፕሬዚዳንት የዊለርን ስም የተሸከመ መሆኑ የታሪክ ምፀት ነው። ‘ሁለት መቶዎቹ’ በሚባሉት መምህራን ተሳትፎ የተዘጋጀው የውሳኔ ሐሳብ ዋና ነጥቦች እነዚህ ነበሩ፦ ቀደም ሲል ለተፈጸመው ሁሉ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲው እንዳይቀጡ፤ ዩኒቨርሲቲው የስብሰባን ጊዜ፣ ቦታና ሥርዓት እንጂ የንግግርን ይዘት እንዳይቆጣጠር፤ ከግቢ ውጭ በሚደረግ የፖለቲካ ሥራ ጣልቃ እንዳይገባ፤ በፖለቲካ ጉዳይ የሚነሣን የዲሲፕሊን ክስ ሸንጎው የሚሰይመው ኮሚቴ እንዲያይ።

ክርክሩ የጋለው በፕሮፌሰር ሉዊስ ፎየር ማሻሻያ ላይ ነበር። ፎየር ጥበቃው የኃይል ድርጊትን በቀጥታ ለማይቀሰቅስ ንግግር ብቻ ይሁን አሉ። ያለዚህ ገደብ ግቢው ሁከት ለሚጠነስሱ መሸሸጊያ ይሆናል የሚለው ሥጋት በቀላሉ የሚናቅ አልነበረም። የተቃዋሚዎቻቸው መልስ ግን ከጥያቄው ሥር የሚደርስ ነበር፤ ወንጀል የሆነውን ንግግር የሚዳኝ ፍርድ ቤት አለ፤ ዩኒቨርሲቲ በዚያ ላይ ሁለተኛ ዳኛ ሆኖ ከተቀመጠ ነገ የሚመዝነው የመምህሩንም ቃል ነው። ማሻሻያው በ737 ድምፅ ለ284 ወደቀ፤ ዋናው ሐሳብ በ824 ድምፅ ለ115 ጸደቀ። ውጭ በድምፅ ማጉያ ሲያዳምጡ የነበሩት ተማሪዎች ግራና ቀኝ ተሰልፈው መምህራኖቻቸውን በጭብጨባ ተቀበሉ።

ድሉ ግን ሙሉ አልነበረም። ዲሴምበር 18 ቀን ቦርዱ የቅጣት ሥልጣንን ለሸንጎው አላስተላልፍም አለ፤ ሆኖም ንግግርን ሕገ መንግሥቱ ከሚፈቅደው በላይ ላለመገደብ ቃል ገባ። በጃንዋሪ 1965 ስትሮንግ ተነሥተው ማርቲን ማየርሰን ተጠባባቂ ቻንስለር ሆኑ፤ የስፕራውል ደረጃዎችም ለስብሰባ ተፈቀዱ። በማርች በጸያፍ ቃላት የተነሣ አዲስ ውዝግብ ተፈጠረ። የቦርዱ ግፊት ሲበረታ ኬርና ማየርሰን ለመልቀቅ መወሰናቸውን አስታወቁ። ትናንት አስተዳደሩን የነቀፈው ሸንጎ አሁን በ891 ድምፅ ለ23 እንዲቆዩ ጠየቃቸው፤ እነርሱም ውሳኔአቸውን አነሡ። ይህ ወላዋይነት አልነበረም፤ መምህራኑ የተዋጉት ከመሪው ሰው ጋር ሳይሆን ከአሠራሩ ጋር እንደነበረ የሚያስረዳ ነው።

ዳሩ ግን ሮናልድ ሬገን በርክሌይን በማውገዝ ጭምር የ1966ን ምርጫ አሸንፈው አገረ ገዥ ሆኑ። ጃንዋሪ 20 ቀን 1967 ቦርዱ ኬርን በ14 ድምፅ ለ8 አሰናበተ። የሸንጎው 891 ድምፅ የቦርዱን 14 ድምፅ አልመከተም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ድርብ ነው። መምህራን መሪን የመሾምም ሆነ የመሻር ሥልጣን እስካልያዙ ድረስ ለመሪው የሚሰጡት ድጋፍ የሥልጣን ባለቤቶች ፈቃድ እንግዳ ሆኖ ይቀራል። በአንጻሩ በግልጽ ተከራክረው ያጸደቁት መርሕ ከመሪዎቹ ዕድሜ ይረዝማል። ስትሮንግም ኬርም ከወንበራቸው ከተነሡ በኋላ የንግግሩ ነፃነት በግቢው ሥር ሰዷል፤ ፖሊስ ተማሪዎችን የጎተተበት የስፕራውል ሕንፃ ደረጃም ከ1997 ጀምሮ የሚጠራው በማሪዮ ሳቪዮ ስም ነው። መምህራኑ ይህን መርሕ ከሴፕቴምበር ጀምሮ ይዘውት ቢነሡ ኖሮ፣ 800 ያህል ወጣቶች ታስረው እስኪያዩ ባልጠበቁ ነበር።