ህዳሴ ግድብ እና ሳይበር፦ አድራሻ የሌለውን ጠላት በምን ታስፈራራዋለህ?

ወታደሮች "ዲተረንስ" የሚሉት ነገር ባጭሩ "ብትነካኝ ዋጋ ትከፍላለህ" ብሎ ጠላትን ከጅምሩ ማስቀረት ነው። እንዲሠራ ግን የነካህ ማን እንደሆነ ማወቅ አለብህ፤ ጡንቻህንም አስቀድመህ ማሳየት አለብህ።

ድሮ ይሄ ቀላል ነበር። ግንቦት 2005 ዓ.ም. የግብፅ ፖለቲከኞች ከፕሬዝዳንት ሙርሲ ጋር ተሰብስበው ግድቡን ስለማሰናከል ሲያወሩ፣ ስብሰባው በቴሌቪዥን በቀጥታ እየተላለፈ መሆኑን አላወቁም (አዎ፣ ላይቭ ላይ!)። አዲስ አበባ አምባሳደሩን ጠርታ ማብራሪያ ጠየቀች። ተናጋሪው ይታወቃል፣ ተጠያቂም አለ። መስከረም 2013 ደግሞ ኢትዮጵያ በግድቡ ላይ በረራ ከለከለች። መልእክቱ ትርጉም አያሻውም።

ሰኔ 2012 ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሙሌት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ከሰኔ 10 እስከ 13 በኢትዮጵያ ድረ ገጾች ላይ የሳይበር ጥቃት ተሞከረ። በአንዱ የፖሊስ ማሠልጠኛ ድረ ገጽ ላይ ማጭድ የያዘ የፈርዖን አፅም ተለጠፈ። ኢንሳ ጥቃቱን አከሸፍኩ ሲል፣ አድራጊዎቹ መቀመጫቸው ግብፅ የሆነ "ሳይበር ሆረስ ግሩፕ" እና መሰሎቹ ናቸው አለ። እሺ፣ ከጀርባቸው መንግሥት አለ? እነዚህ ቡድኖች ስም እንጂ ኤምባሲ የላቸውም። አምባሳደር ቢጠራ "አላውቃቸውም" ብሎ ይወጣል።

ጡንቻ ማሳየትም አይሠራም። ሚሳኤል በሰልፍ ይታያል። የሀኪንግ መሣሪያህን ካሳየህ ግን ጠላት ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ስለዚህ ሁሉም ይደብቃል፤ ያልታየ መሣሪያ ደግሞ ማንንም አያስፈራም።

በዚያ ላይ ግድቡ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ ይይዛል። ሞልቶ ሳለ በቦምብ ቢመታ ጎርፉ መጀመሪያ የሚያጥለቀልቀው ሱዳንን ነው። ቦምቡ በከበደ ቁጥር ኪቦርዱ ይቀላል ባይ ነኝ።

ከሁሉም የሚረክሰው ዒላማ ግን የእናንተ ስልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ፌስቡክ ከግብፅ ሆነው ኢትዮጵያንና ሱዳንን ያነጣጠሩ ሐሰተኛ አካውንቶችን አጥፍቷል። (በዚያው ዓመት ከኢንሳ ጋር ግንኙነት አላቸው ያላቸውን፣ የአገር ውስጥ ተመልካች ላይ ያነጣጠሩ አካውንቶችንም አጥፍቷል፤ እሱንም መናገር ፍትሕ ነው።) ጉባ ድረስ ጄት መላክ አያስፈልግም። "ግድቡ ተሰነጠቀ" የሚል አንድ የተቀነባበረ ቪዲዮ ሽሮ ሜዳ ታክሲ ውስጥ ከስልክ ስልክ ከተዛመተ፣ ኮሽ ሳይል ሕዝብ ይደነግጣል፤ በረራ መከልከሉም ያንን አያስቆምም።