መልቲፕል ስክሌሮሲስ እና የሚጥል በሽታ

መልቲፕል ስክሌሮሲስ (በአጭሩ ኤምኤስ) የሰውነት በሽታ ተከላካይ ሥርዓት በአንጎልና በህብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉ ነርቮችን የሚሸፍነውን ማይሊን የተባለ ልባስ ሲያጠቃ የሚፈጠር ሕመም ነው። የሚጥል በሽታ ደግሞ የአንጎል ሕዋሳት ከልክ ያለፈ የኤሌክትሪክ ምልክት በአንድ ጊዜ ሲለቁ በተደጋጋሚ የሚነሳ ሕመም ነው። ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ቢሆኑም፣ ኤምኤስ ባለባቸው አዋቂዎች ዘንድ የሚጥል በሽታ ከሌላው ሰው 3 እጥፍ ያህል ይበዛል። ይህም ሆኖ ከ100 የኤምኤስ ሕሙማን የሚያጋጥመው 2 ወይም 3 ያህሉን ብቻ ነው። ከጥናቶቹ አብዛኞቹ የተካሄዱት ኤምኤስ በብዛት በሚታይባቸው በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ነው።

ምክንያቱ

ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርተን ሻርኮ በ1868 እ.ኤ.አ. ኤምኤስን ራሱን የቻለ በሽታ አድርጎ ከገለጸ ወዲህ፣ ሕመሙ ለረጅም ጊዜ በዋናነት የአንጎል ነጭ ክፍል ጉዳት ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። የሚጥል በሽታ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከላይኛው ግራጫ ቅርፊት ስለሆነ ግንኙነቱ ግራ ያጋባ ነበር። ዛሬ የኤምኤስ ጠባሳዎች በቅርፊቱ ውስጥና ከሥሩም እንደሚገኙ ይታወቃል፤ የተለመደው የኤምአርአይ ምርመራ ብዙዎቹን አያሳይም።

ምልክቱና ሊያሳስቱ የሚችሉ ነገሮች

የአማርኛው ስም «የሚጥል» ቢልም፣ ኤምኤስ ባለበት ሰው ላይ የሚነሳው ሕመም ሁልጊዜ አይጥልም። ብዙ ጊዜ ከአንጎል አንድ ሥፍራ ይጀምራል፦ አንድ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ግማሽ ፊት ይደነዝዛል ወይም አንደበት ይያዛል። ከዚያ ወደ መላው አንጎል ሊዛመትና ሰውየው ራሱን ስቶ ሊንፈራገጥ ይችላል።

ችግሩ፣ እነዚህ ምልክቶች ኤምኤስ ሲያገረሽ ከሚታዩት ጋር መመሳሰላቸው ነው። የሚለያቸው በዋናነት ጊዜ ነው። ያገረሸ ኤምኤስ በሰዓታት ወይም በቀናት እየባሰ ሄዶ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆያል፤ የሚጥል በሽታ ግን በድንገት ተነስቶ ብዙውን ጊዜ በ1 ወይም በ2 ደቂቃ ያበቃል። ሆኖም ያለ መንፈራገጥ ለሰዓታት የሚቀጥል ዓይነትም አለ። መናገር ያቃተው ሕመምተኛ ኤምኤስ አገርሽቶበት ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል፤ የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚለካው ኢኢጂ እውነቱን የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው።

ተቃራኒው ስህተትም ይደርሳል። በኤምኤስ ምክንያት እጅና እግር በቀን ብዙ ጊዜ ለአጭር ጊዜ ጥርቅም ብለው ሊገተሩ ይችላሉ። ያማል፤ ነገር ግን ሰውየው ራሱን አይስትም፤ የሚጥል በሽታም አይደለም።

ሕክምና

ሕክምናው በተለመዱት የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ነው፤ ምርጫው ግን ጥንቃቄ ይሻል። ካርባማዜፒን ማዞርና ሚዛን ማሳት ስለሚችል የኤምኤስን ምልክት ሊያባብስ ይችላል። ቫልፕሮዬት ጽንስን ይጎዳል፤ ከኤምኤስ ሕሙማን አብዛኞቹ ደግሞ ሴቶች ናቸው። ለመራመድ እንዲያግዝ የሚታዘዘው ፋምፕሪዲን የሚጥል በሽታ ለነበረበት ሰው አይሰጥም። ለጡንቻ መገተር የሚወሰደውን ባክሎፌን በድንገት ማቋረጥም የሚጥል በሽታን ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ መጠኑ የሚቀነሰው በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ነው።